ሁለት መቶ አንደኛው ብስክሌት

እኔ ቀጠሮ አክባሪ ነኝ እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠርግ ቤት ድንኳኑ ሳይተከል እደርሳለሁ፤ ጸሎት ቤት በሩ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ እገኛለሁ። ባለቤቴ «አንተ ለራስህ ቀብርም ቀድመህ ነው የምትደርሰው» እያለች ትስቅብኛለች። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። ቀን በመቁጠር የሚስተካከለኝ የለም ብዬ በማምንበት ጊዜ፣ ፊደል ያልቆጠረ አንድ ሰው ቀኑን ጠብቆ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት አዋረድኩት። ከዚያ ወዲህ ፉከራውን ትቻለሁ።

ማቴዎስ እባላለሁ። ወላጆቼ ከጎፋ ተነስተው ጂንካ የከተሙ ናቸው፤ አባቴ አናጺ ነበር። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት በባለሙያነት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። የቡድን መሪነት መደብ ክፍት ሆኖ ውድድሩ በሚቀጥለው ወር ይካሄዳል ተብሎ ስለነበር እንቅልፍ አልነበረኝም። ፋይሌ ንጹሕ ነው። አንድ የቃል ማስጠንቀቂያ እንኳ የለበትም።

በዚያ ዓመት አንድ የብስክሌት ጉዞ ተዘጋጀ። በወይጦ በኩል ከሩቅ መንደር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይዛቸው ጤና ጣቢያው አጠገብ የሚቆዩበት ማረፊያ ቤት ሊሠራ ነበር። ነጋዴዎች ቃል ገቡ፦ ከጂንካ ተነስቶ ቀይ አፈር ለሚደርስ ለእያንዳንዱ ብስክሌተኛ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ። መንገዱ ለግማሽ ቀን ብቻ ስለሚዘጋ ቦታው ሁለት መቶ ሆነ።

ሁለት መቶ ሰው ከየት ይገኛል ብለን ነበር። ወሬው በተሰማ በሳምንቱ ግን ጂንካ ውስጥ የሚከራይ ብስክሌት ጠፋ። አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጠዋትና ማታ በተለማማጅ ተሞላ። ሆዳቸው ከመሪው ጋር የሚጋጭ ባለሱቆች፣ ቀሚሳቸውን በሱሪ የቀየሩ መምህራን፣ ከልጅነታቸው ወዲህ ፔዳል ያልረገጡ የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይወድቃሉ ይነሳሉ። ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ «ደህና ነህ?» ማለቱን ትቶ «ቦታ አለ?» ማለት ጀመረ። መዝጋቢው እኔ ነበርኩና ሰው ሁሉ ዘመዴ ሆነ።

ለሌሎቹ ወረዳዎች ቦታ ስለተያዘ ማስታወቂያ ለመለጠፍ አንድ ቅዳሜ ወይጦ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነው፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ወረቀቱን ለጥፌ ዞር ስል፣ ከኋላዋ ወፍራም የዕቃ መጫኛ ያላት ከባድ የቻይና ብስክሌት የያዘ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። የበና ሰው ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም። ብስክሌቷን የገዛት በሸለቆው የጥጥ እርሻ ላይ ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ እንደሆነ በኋላ ነገረኝ።

«ምን ይላል?» አለኝ በጣቱ ወደ ወረቀቱ እያመለከተ።

አስረዳሁት። ማረፊያ ቤቱን ስነግረው ዓይኑ ከፊቴ አልተነሳም።

«ለምታምጥ ሴት ነው?»

«አዎ፣ ለእነሱ ነው።»

«እኔ ሙጋ ነው። ምዝገባ እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ሐሙስ፤ የሚመጣው አይደለም፣ ቀጥሎ ያለውም አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያለው።»

«ሐሙስ ብዙ ነው» አለ። «ስንት ቀን ነው? ቀን ንገረኝ።»

ቆጠርኩለት። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ሙጋ ከወገቡ የልጥ ገመድ አወጣና መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ይቋጥር ጀመር። በእነሱ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ድግስ ሲኖር፣ በተለይ ጎረምሳ ወንድነቱን ለማሳየት ከብት የሚዘልበት ቀን፣ ለተጠሪዎች የተቋጠረ ገመድ ይሰጣል። ተጠሪው በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻዋን በፈታበት ቀን ድግሱ ቤት ነው። ጨርሶ ሲያበቃ ገመዱን በእጄ አስይዞ «አንተም ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ለጓደኞቼ ለማሳየት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ቀኑን እንዳይስት ደጋግሜ አስጠነቀቅሁትም። አሁን ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ምዝገባው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነገር ተለወጠ። ካናቴራው የሚታተመው አርባ ምንጭ ስለሆነ ስም ዝርዝሩ ቀደም ብሎ መሄድ አለበት ተባለና፣ የመጨረሻው ቀን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ መጣ። ማስታወቂያ የለጠፍኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ስልክ ደወልኩ። የወይጦውን ባለሱቅም ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን በእስክሪብቶ እንዲያርምልኝ ነገርኩት። ስልኩን ልዘጋ ስል ያ ባለገመድ ሰውዬ ትዝ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ትዝ ብሎኛል። «ቢፈልግ ይሰማል» አልኩ በሆዴ፣ ስልኩንም ዘጋሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ለበና ፀማይ ወረዳ ከተያዙት ቦታዎች ሦስቱ ባዶ ሆነው ሲገኙ፣ ሲለማመጡኝ ለከረሙ የጂንካ ልጆች አደልኳቸው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ካናቴራ እያደልኩ ነው። ሁለት የባንክ ሠራተኞች የራሳቸውን እየለኩ ይሳሳቃሉ። ሙጋ ብስክሌቷን እየገፋ ገባ። ለብሶ የመጣው የታጠበ ሸሚዝ ነው፤ ጫማውም ተወልውሏል። ዋዜማውን ቀይ አፈር አድሮ በማለዳ ተነስቷል። ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ገመዱን አወጣ፤ አንዲት ቋጠሮ ብቻ ቀርታለች።

«የዛሬዋን አንተ ፊት እፈታለሁ ብዬ» አለና ፈታት። «ይኸው ደርሷል። ጻፈኝ።»

«ሙጋ፣ ምዝገባው አልቋል። ማክሰኞ ነው የተዘጋው።»

አልገባውም። ገመዱን አየ፣ እኔን አየ። «ሐሙስ አላልክም? አሥራ ዘጠኝ አላልክም?»

የባንክ ሠራተኞቹ ካናቴራቸውን እንደያዙ ያዳምጣሉ። በዚያች ደቂቃ «ቀኑን የለወጥነው እኛ ነን፤ ለአንተ ሳልነግርህ ቀረሁ» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ምናልባት ሳትፈታ ያለፍካት ቀን ትኖር ይሆናላ፤ አንድ ሁለት ቀን ረስተህ ይሆናል» አልኩት።

አንደኛው የባንክ ሠራተኛ፣ «ቀን መቁጠሪያ ግዛ እንጂ ወንድሜ» ብሎ ሳቀ። ሌላውም ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ አልቻልኩም። እኔም ፈገግ አልኩ።

ሙጋ ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አመነኝ። ገመዱን በጣቶቹ እየዳበሰ፣ ጠፋችብኝ ያላትን ቀን ይፈልግ ጀመር። «የዘነበ ቀን ፈትቻለሁ» ይላል ለራሱ። «ዱካን ያመማት ቀን… ፈትቻለሁ። ከብት የጠፋ ቀን…» እዚያ ላይ ቆመ። «እንጃ። ከብት የጠፋ ቀን እንጃ።»

ጠረጴዛውን ለቆ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በሩ ጋ ዞር ብሎ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሥራ አስፈታሁህ» አለኝ።

የቀረበልኝን ምሳ ተውኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ፈለግሁት። የለም። ዘበኛው በቀይ አፈር መንገድ ብስክሌቷን እየገፋ ሲሄድ እንዳየው ነገረኝ። «ጎማዋ ተንፍሷል እንዴ?» አልኩት። «ደህና ናት፤ ሰውዬው ነው የተነፈሰ የሚመስለው» አለኝ።

ሞተር ተኮናትሬ ተከተልኩት። ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ጀምሯል፤ አሁንም ይገፋል። ባለሞተሩን አሰናብቼ አብሬው መራመድ ጀመርኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ከዳገቱ ይልቅ ከሐፍረቱ።

«ለምን አትነዳም?» አልኩት።

«ቤት ቶሎ ደርሼ ምን እላለሁ?» አለኝ ሳያየኝ። ቀጥሎ ያለፈው ዓመት የሆነውን ነገረኝ። ዱካ ሚስቱ ናት። ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ቆየች። መንደሩ መኪና አይገባውም። በዚህች ብስክሌት መጫኛ ላይ አስቀምጦ፣ ወገቧን ከወገቡ ጋር በነጠላ አስሮ፣ ዋናው መንገድ ድረስ ነዳ። አሸዋ የጫነ መኪና አግኝቶ ጂንካ አደረሳት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷ ተረፈች።

«ቤቱ ቢኖር ልጁ ይኖር ነበር። የምሰጠው ከብት የለኝም፤ እግር አለኝ። ለልጁ አንድ ኩንታል አስገባለሁ ብዬ ለዱካ ነገርኳት። አሁን ቀን ጠፋብኝ እላታለሁ።» ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ፣ «ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ከብት ይዘላል። ገመድ ቋጥሮ ሰው የሚጠራ እኔ ነበርኩ። ቀን የሚስት ሰው ለጥሪ አይላክም። ለሌላ ይስጡት እላቸዋለሁ» አለኝ።

ለካ እኔ የነጠቅሁት የጉዞውን ቦታ ብቻ አልነበረም። ሰውየውን በራሱ ላይ ያለውን እምነት አሳጥቼው ነበር። የብስክሌቷን መሪ ያዝኩና አስቆምኩት።

«ሙጋ፣ ቀን አልጠፋብህም። አሥራ ዘጠኙም ልክ ናቸው። ቀኑን የለወጥነው እኛ ነን። ለሁሉም ስነግር ለአንተ ሳልነግርህ ቀረሁ። ዛሬም አውቄ ነው የዋሸሁህ።»

ገመዱን አውጥቶ በጣቶቹ ዳበሰው።

«ከብት የጠፋ ቀንም ፈትቻለሁ?»

«ፈትተሃል።»

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልጠላም ነበር። እሱ ግን፣ «እነዚያ የሳቁ ሰዎች አሁን ሰምተዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልሰሙም፤ እዚህ የሉም እኮ።»

«እዚያ ነው የዋሸኸው። እዚህ ለእኔና ለዳገቱ ብቻ ነግረህ ምን ይሆናል? እዚያ ንገር።»

ብስክሌቷን አዞረ። «ተቀመጥ» አለኝ መጫኛውን እያሳየ። ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድነው አትጠይቁኝ፤ ነፍሴን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቼ ነው የወረድኩት።

የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አማረች ነበሩ። የአሪ ሰው ናቸው፤ ነገር አያበዙም፣ ነገር የሚያበዛም አይወዱም። ሙጋን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቦታ የለም» አሉኝ። «ሁለት መቶኛው ተሰጥቷል። ጨምር ካልከኝ በቃለ ጉባኤ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ‹ተመዝጋቢው በመንገድ ችግር ስለዘገየ› ብለህ ጻፍና ልፈርምልህ። ማንንም አይጎዳም።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ቀላል ነበር። ሙጋ ቦታውን ያገኛል፣ ፋይሌም ንጹሕ ይሆናል። «በመንገድ» የሚለውን ጽፌ ሳበቃ ሙጋ፣ «ምን ብለህ ጻፍክ?» አለኝ።

ማንበብ አይችልም። የፈለግሁትን ብነግረው ያምነኛል፤ ጠዋት አምኖኛል። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጀመርኩ። «የምዝገባው ቀን መለወጡን ለተመዝጋቢው የማሳወቅ ኃላፊነት የእኔ ሆኖ ሳለ አውቄ ባለማሳወቄ፣ በቀጠሮው ቀን የተገኘውንም ሰው ቀን ስተሃል ብዬ ሐሰት በመናገሬ፣ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ…»

ወይዘሮ አማረች ሁለቴ አነበቡት። መነጽራቸውን አወረዱ።

«ማቴዎስ፣ ይህ ፋይልህ ውስጥ ነው የሚገባው። የሚቀጥለው ወር ውድድር አለብህ።»

«አውቃለሁ።»

«‹ሐሰት› የሚለውን እንኳ ብታወጣው?»

«አይ፣ እማማ። እንዳለ ይሁን።»

በሥራ ቦታ «እማማ» ብያቸው አላውቅም ነበር። ፈረሙ።

ከባንክ ሠራተኞቹ አንዱን፣ ካናቴራው ጠቦት ሊለውጥ ተመልሶ መጥቶ አገኘሁት። እሱና ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ባሉበት ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ልጁ ቀላ፤ ወደ ሙጋ ሄዶ እጁን ጨበጠና «አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ» አለው። ሙጋ እጁን ይዞ ቆየና፣ «ሰማህ አይደል? አሥራ ዘጠኙም ልክ ነው» ብሎ መለሰለት። ለሁለት መቶ አንደኛው ሰው ካናቴራ ስላልነበረ፣ ቁጥሩን በማርከር ካርቶን ላይ ጽፌ በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ አያያዝኩለት።

ቅዳሜ ማለዳ ከአሮጌው ሜዳ ተነሱ። እኔ በመኪና ቀድሜ ቀይ አፈር መዝገቤን ይዤ ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ ገቡ፤ መካከለኞቹ ገቡ፤ ቦርጫሞቹ ባለሱቆች እንኳ እያለከለኩ ገቡ። ሙጋ የለም። መንገዱ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው ያቺ ከባድ ብስክሌት ከዳገቱ ላይ ብቅ አለች። እየተወላገደች ነው የምትመጣው። ሲቀርብ ገባኝ። ከኋላው መጫኛ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ በነጠላ ወገቧን ከወገቡ ጋር አስራለች። ዱካ ናት። ከቀይ አፈር መለስ ብሎ ካለ የዘመድ ቤት መንገድ ዳር ጠብቃው ኖሯል።

መስመሩን አልፎ ቆመ።

«ጻፍ» አለኝ።

«ጽፌያለሁ። ሁለት መቶ አንድ ደርሷል። አንድ ኩንታል።»

«አንድ አይደለም። ሁለት ሰው ነው የመጣ። ያን ጊዜም ሁለት ሆነን ነው የሄድን።»

ዱካ አማርኛ ብዙም አትችልም። ሁለት ጣቷን አንስታ አሳየችኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝና ወደ ወይዘሮ አማረች ዞርኩ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረዋል።

«ምን ታየኛለህ? ጻፍ እንጂ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ቃል የገቡት ነጋዴዎች የሰጡት ቀድሞ በተመዘገበው ብስክሌተኛ ቁጥር ልክ ብቻ ነበር፤ የዱካን ኩንታል ወይዘሮ አማረች ራሳቸው ገዝተው እንዳስጫኑ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

የቡድን መሪነቱን አላገኘሁም። ውጤቴ ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ የፋይሌ ጉዳይ ሲነሳ ግን ያቺ ወረቀት ተነበበች። አልዋሻችሁም፣ በዚያ ቀን ተቆጭቻለሁ። ቤቴ ገብቼ ለሰው ብዬ ራሴን ጎዳሁ ብዬ አማርሬያለሁ። ባለቤቴ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አሁን ያመመህ መዋሸትህ ነው ወይስ አለመዋሸትህ?» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኛ ወረቀት የያዝን ሰዎች ስንሳሳት፣ ወረቀት የሌለው ሰው ጥፋቱን ከራሱ ላይ ነው የሚፈልገው። እንድንከሰው እንኳ አይጠብቅም፤ ራሱን ይከሳል። ስንት ሰው ከየቢሮው በር ላይ «እኔ ነኝ የሳትኩት» እያለ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል? እኔ አንዱን ብቻ ዳገት ላይ ደረስኩበት። ያልደረስኩባቸውን ቤት ይቁጠራቸው። ዛሬ አንድ ባለጉዳይ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ «አጥፍቼ ይሆናል» ሲለኝ፣ እሱን ሳልጠይቅ አስቀድሜ የራሴን መዝገብ አገላብጣለሁ።

ማረፊያ ቤቱ ቆሟል። ዱካ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ቆይታ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች፤ ሙጋ ራሱ ጂንካ ድረስ መጥቶ ነው የነገረኝ።

ባለፈው ዓመት አዲስ የተሾሙት ኃላፊ ፋይሌን ሲያገላብጡ ጠሩኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሊረዱኝ ፈልገው ነው። «ይህች የጥፋት ወረቀት ጊዜዋ አልፏል፤ ከፈለግህ ላውጣልህ» አሉኝ። ወረቀቷን ተቀብዬ ዳር ዳሯን አየሁት፤ ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል፣ የወይዘሮ አማረች ፊርማ ግን ይነበባል። በዚያ ሁሉ ፋይል ውስጥ የሥራ አፈጻጸም፣ የምስጋና ደብዳቤ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት አለ፤ ስለ እኔ የጻፉት ሁሉ ሌሎች ናቸው። እኔ ስለ ራሴ የጻፍኩት ይህችን ብቻ ነው። መልሼ ሰጠኋቸው።

«ትቀመጥ» አልኳቸው።